ጋቸና፦ የአንድ የበሬ ቆዳ ጋሻ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 18

ሥራው የተጀመረው ከቆዳው ሳይሆን ከጭቃው ነው። በኦሮምኛ ጋሻ ጋቸና፣ ጦር ኤቦ ይባላል፤ የሚሠራውም በአርሲ በኩል የሚታወቀው ክብ ጋቸና ነው። ይህ ጋሻ ከፋይ አይለብስም፤ የብር ወይም የነሐስ ጌጥም አይለጠፍበትም። ፊቱ ራሱ ቆዳው ነው፤ ጌጡም በቆዳው ላይ ከእምብርቱ ዙሪያ የሚወጡት ክብ መስመሮች ናቸው። መስመሮቹ ለዓይን ብቻ የተደረጉ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ለስላሳ ሆኖ የደረቀ ቀጭን ቆዳ በሁለት እጅ ሲጫኑት ይታጠፋል፤ የታጠፈ ቆርቆሮ ከዝርግ ቆርቆሮ እንደሚጠነክር ሁሉ ቆዳም መስመር ሲወጣለት አይታጠፍም። የጦር ጫፍም በለስላሳ ፊት ላይ ተንሸራትቶ ወደ ጉሮሮ ወይም ወደ ጭን ይሄዳል፤ መስመር ካለ ግን እዚያው ይያዛል።

እርጥቡ ቆዳ ተወጥሮ የሚደርቅበት የቅርጹ ጉብታ የሚሠራው መሬት ላይ ነው፦ ሁለት ተኩል ባልዲ ቀይ አፈር፣ አንድ ባልዲ አሸዋ፣ ግማሽ ባልዲ ደቃቅ ጭድ። አፈሩ ብቻውን ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም በቆዳው ላይ ይታተማል። መጀመሪያ 8 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው ክብ መደብ፣ በላዩ 54 ሳ.ሜ. ስፋትና 10 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው ጉብታ። ያለቀው ጋሻ 52 ሳ.ሜ. እንዲሆን ይፈለጋል፤ ቆዳው ከቅርጹ ከተነሳ በኋላም ትንሽ ስለሚሰበሰብ ሁለቱ ሳንቲም ለዚያ ተትተዋል። አናቱ ላይ ከወይራ የተጠረበ፣ ግርጌው 9 ሳ.ሜ. የሆነ 4 ሳ.ሜ. ሾጣጣ እንጨት ገብቷል፤ እሱ የጋሻውን እምብርት ያወጣል።

ጥቅምት 20

ጭቃው በጥፍር ሲጫኑት በሚታተምበት ሰዓት አምስት ክብ ቦዮች ተቆረጡ። አንዱ ጫፍ በእምብርቱ ላይ፣ ሌላው ጫፍ በቢላዋ ላይ የታሰረ ክር በቂ መሣሪያ ነው። ርቀታቸው ከመሃል 8፣ 11.5፣ 15፣ 18.5 እና 22 ሳ.ሜ. ነው። የእያንዳንዱ ቦይ ስፋት 1.2 ሳ.ሜ.፣ ጥልቀቱ 0.8 ሳ.ሜ.። ጠርዛቸው በእርጥብ ጣት ተድበልብሏል፤ ስል ጠርዝ ቆዳውን ከሥር ይቆርጠዋል።

ጉብታው በጥላ ሥር ሦስት ሳምንት ይደርቃል። ለሁለተኛው ጋሻ በዚሁ ልክ የሲሚንቶ ቅርጽ ተጥሏል፤ ጭቃ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስለሚፈርስ፣ ሲሚንቶው ከሠራ ለብዙ ጋሻ ያገለግላል ተብሎ ነው።

ኅዳር 2

ቆዳው መጣ። የቦረና ወይፈን፣ በታረደ በሦስት ሰዓቱ፣ 31 ኪሎ።

ቀድሞ ለጋሻ ይመረጥ የነበረው የጎሽ ቆዳ ነው፤ የአውራሪስም ሌላ ዋጋ ነበረው። ጎሽ በኦሮምኛ ገፈርሳ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው ገፈርሳ ስሙን የያዘው ከዚያው ነው፤ ዛሬ ውሃ እንጂ ጎሽ አይታይበትም። አሁን የዱር አውሬ ቆዳ መፈለግ ተገቢም ሕጋዊም አይደለም። የከብት ቆዳ ደግሞ ከጎሽ ስለሚሳሳ አመራረጡ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሮጌ በሬ ወፍራም ነው፤ ግን ቀንበር ማጅራቱን አጠንክሮና አቁስሎ ስለሚተወው ጠባሳው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ያላረሰ፣ ያልተኮላሸ ወይፈን ይሻላል፤ ትከሻና ማጅራቱ ወፍራም ናቸው።

ቆዳው ለብርሃን ተይዞ የታዩት ነገሮች፦ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት ጠባሳ (በግራ ጭን ላይ አንድ አለ፤ ከክቡ ውጭ ይቀራል)፣ የመዥገር ቀዳዳ (በሆዱ በኩል ብዙ፣ በጀርባው ጥቂት)፣ የገፋፊው ቢላዋ የበጣው። የከፋው የመጨረሻው ነው። ከሥጋው ወገን ግማሽ ድረስ የገባ ቢላዋ ከፀጉሩ በኩል አይታይም፤ ሲወጠር ግን መጀመሪያ የሚቀደደው በዚያ ነው። ከሻኛው አጠገብ አንድ አራት ሳንቲም የሚሆን ብጣት ተገኝቷል፤ ክቡ ወደ ጀርባ ሦስት ጣት ተገፋ።

ጨው አልተነሰነሰም። ቆዳ ለገበያ ሲቆይ ከክብደቱ ሩብ እስከ ሲሶ የሚሆን ጨው ይደረግበታል፤ ለጫማ ፋብሪካ ችግር የለውም። ለጋሻ ግን ጨው እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ በደንብ ካልታጠበ የደረቀው ጋሻ በክረምት ተመልሶ ይለሰልሳል። ጨው የነካው ቆዳ ብቻ ከተገኘ ውሃውን ቢያንስ አራት ጊዜ መቀየርና የመጨረሻውን ውሃ በምላስ መቅመስ ነው።

ኅዳር 3

ሥጋና ሞራው ተፋቀ። ቆዳው በወገብ ቁመት በተጋደመ ግንድ ላይ ተዘርግቶ፣ ሁለት እጀታ ባለው ደነዝ መፋቂያ ከማጅራት ወደ ጭራ ይገፋል። ስል ቢላዋ ይፈጥናል፤ ግን ይበጣል። ሞራው ካልለቀቀ አመዱም አይገባም፣ በኋላም በዚያ ቦታ ቢጫ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ለሁለት ሰው አምስት ሰዓት የፈጀ ሥራ ነው።

ኅዳር 4 – 7

ፀጉር ማስለቀቂያው የግራርና የወይራ አመድ ነው። በአንድ መቶ ሊትር ውሃ አሥር ኪሎ የተነፋ አመድ፣ በትልቅ የፕላስቲክ በርሜል። የብረት በርሜል ዝገቱ ቆዳውን ያነጥበዋል። ቆዳው በቀን አራት ጊዜ ይገለበጣል፤ አየር ተቋጥሮ ከላይ የሚንሳፈፈው ክፍል አመድ ስለማያገኘው ይሸታል፣ ቀጥሎም ይበሰብሳል።

ለምን ኖራ አልተመረጠም? ኖራ ፈጣንና ርካሽ ነው። ይሁን እንጂ ቆዳውን በጣም ያሳብጠዋል፤ እርስ በርስ የተጠላለፈውን ጅማት ያላቅቀዋል። ለስላሳ ቆዳ ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥቅም ነው። ጋሻ ሠሪ የሚፈልገው ግን ጅማቱ እንደ ተጠላለፈ ደርቆ እርስ በርሱ እንዲጣበቅ ነው። ቀደም ሲል አምስት ቀን በኖራ የቆየ የሙከራ ቁራጭ ሲደርቅ እንደ ካርቶን ድርብርብ ሆኗል፤ ሲያጥፉት ንጣፉ ተለያየ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ከሆዱ በኩል ፀጉር በሁለት ጣት ሲሳብ ወጣ፤ ከማጅራቱ እምቢ አለ። የሚጠበቀው ማጅራቱ ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ለቀቀ።

ኅዳር 8

ፀጉሩ ተፋቀ፤ በዚያው መፋቂያ፣ ግን ይበልጥ ደነዙን ወገን ይዞ። የፊቱን ቀጭን ሽፋን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ጋሻው የሚያብረቀርቀው በእሱ ነው። በግድ የተፋቀ ቦታ ሲደርቅ ሻካራ ነጭ ይሆንና ጥቀርሻ ቢቀቡትም አይጠቁርም።

ከዚያ እስከ ነገ ማታ እጥበት። ስድስት ጊዜ ውሃ ተቀየረ። ቆዳው ውስጥ አመድ ከቀረ እንዳበጠ ይደርቅና ከጊዜ በኋላ ይሰባበራል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ቆዳው በእጅ ሲጨመቅ የሚወጣው ውሃ ሳሙና ሳሙና ካለ አልበቃውም።

ኅዳር 9 ማታ

ክቡ ተቆረጠ። ስንት ሳንቲም ይቆረጥ የሚለው በግምት ከተሠራ ቆዳ ያልቃል። ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ የጉብታው ቅስት 59፣ እምብርቱ የሚወስደው 3፣ አምስቱ ቦዮች በሁለት ወገን የሚውጡት 8፣ ለሚገለበጠው ከንፈር በሁለት ወገን 6፣ ለቀዳዳና ለመወጠሪያ 14። ድምሩ 90 ሳ.ሜ. ነው። ሁለት ክቦች ወጥተዋል፤ አንደኛው ከትከሻና ከጀርባው ፊተኛ ክፍል፣ ሁለተኛው ከዳሌው። የትከሻው እርጥቡን 8 ሚ.ሜ. ይወፍራል፣ 5.2 ኪሎ ይመዝናል። የዳሌው 6 ሚ.ሜ. ነው።

በሻኛው ላይ የነበረው ቆዳ ተፈጥሮው ስለሆነ ጠፍጣፋ አይተኛም። ሌላ ዕቃ ለሚሠራ ሰው ይህ ጉድለት ነው። እዚህ ግን ያ እብጠት እንዳለ በእምብርቱ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ተቆርጧል፤ ቆዳው በራሱ ወዳዘነበለበት ከሄደ መሃሉ በመወጠር አይሳሳም።

ኅዳር 10

ውጠራ። ሠላሳ ሁለት የወይራ ካስማዎች፣ እያንዳንዳቸው 40 ሳ.ሜ.፣ ከመሃል 50 ሳ.ሜ. ርቀት ላይ ወደ ውጭ አዘንብለው ተመትተዋል። ቀጥ ብሎ የተመታ ካስማ ቆዳው ሲደርቅ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ቀጥሎ ይነቀላል። የቆዳውን ጉልበት አቅልሎ ማየት አይገባም፤ እየደረቀ የሚሰበሰብ የወይፈን ቆዳ ሠላሳ ሁለት ካስማ በአንድ ሌሊት ሊነቅል ይችላል።

ጉብታው ላይ የተነፋ ደረቅ አመድ ተነሰነሰ፤ ካልተነሰነሰ ቆዳው ጭቃውን ይዞ ይነሳል። ቆዳው የሥጋው ወገን ወደ ታች፣ የፀጉሩ ወገን ወደ ላይ ሆኖ ተጋደመ። ቀዳዳዎቹ ከጠርዙ 2.5 ሳ.ሜ. ገባ ብለው በወስፌ ተበስተዋል፤ በቢላዋ የተሰነጠቀ ቀዳዳ እስከ ጠርዙ ይቀደዳል። የማሰሪያው ጠፍር ከዚያው ቆዳ ሆድ የወጣ፣ አንድ ጣት ስፋት ያለው ነው።

የአስተሳሰሩ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሰሜንና ደቡብ፣ ቀጥሎ ምሥራቅና ምዕራብ፣ ከዚያ በመካከላቸው፤ ሁልጊዜ አንዱ ከፊት ለፊቱ ጋር። ዙሪያውን ተራ በተራ ካሰሩ ትርፉ ቆዳ እየተገፋ ሄዶ መጨረሻው ካስማ ላይ ትልቅ እጥፋት ሆኖ ይከማቻል፤ ያ እጥፋት አይጠፋም። የመጀመሪያው ዙር ላላ ያለ፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው እንደ ከበሮ።

በመጨረሻም ድብደባ፦ ቆዳ በተጠቀለለ የእንጨት መዶሻ፣ ከእምብርቱ ተነስቶ እየዞሩ ወደ ውጭ። ሁለት ሰዓት። ድብደባው ቆዳውን ቅርጹ ላይ እንዲቀመጥ ያደርገዋል እንጂ ቅርጹን አይሰጠውም። በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው፤ ቅርጽ የሚሰጠው አደራረቁ ነው።

ኅዳር 11

ከሁሉ የከበደው ቀን። መስመሮቹ የሚወጡት ቆዳው እርጥብ ሳለ ቢሆን ተመልሰው ይሞላሉ፤ ደርቆ ቢሆን አይገቡም። በመካከል ያለችው ጊዜ አጭር ናት። አውራ ጣት ተጭኖ ሲነሳ ጉድጓዱ የሚቀርና ውሃ የማያወጣ ከሆነ ሰዓቱ ደርሷል። ዛሬ ይህ የሆነው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ አለፈ። ነፋስ በሚበዛበት ቀን ከዚህ ግማሹም ላይገኝ ይችላል።

መሣሪያው ጫፉ የተድበለበለ የወይራ ሽብልቅና የበሬ ቀንድ ጫፍ ነው። ቆዳው ቦዩ ውስጥ እንዲገባ እየተጫነ ዙሪያው ይኬዳል፤ ቀጥሎ ጣት የሚያህል የተገመደ ገመድ ቦዩ ውስጥ ይቀመጥና በላዩ ድንጋይ ይደረደራል። ገመዱ ከተነሳ ቆዳው ወደ ላይ ይመለሳል፤ ስለዚህ በየሰዓቱ እየተነሳ፣ እንደገና እየተጫነ፣ አራት አምስት ጊዜ ይደገማል።

የሚጀመረው ከውስጠኛው ቦይ ነው። እያንዳንዱ ቦይ ሲገባ ከዙሪያው ቆዳ ይስባል። የውጨኛው ከቀደመ በገመድና በድንጋይ ተቆልፎ ስለሚቀር፣ ውስጠኛው ሲጫኑት የሚስበው ትርፍ አያገኝም፤ ወይ ይሳሳል ወይ እምብርቱ አጠገብ ይቀደዳል። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲኬድ ደግሞ ካስማዎቹ ላይ ያለው ጠፍር በየቦዩ ትንሽ ትንሽ እየላላ መስጠት አለበት። አንድ ሰው ይጫናል፣ አንድ ሰው ጠፍሩን ያላላል፤ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ቀኑ አይበቃውም።

የቀድሞዎቹ ሠሪዎች ችሎታ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በየሙዚየሙ ከጋሻዎች ሥር የሚጻፈው የሕዝቡ ስም፣ የአካባቢው ስም፣ አንዳንዴም የሰብሳቢው ስም ነው፤ የሠሪው ስም የለም። ጋሻውን የያዘ ጀግና በፈረሱ ስም እየተጠራ ይዘፈንለታል። ቆዳውን የሠራው ፋቂ ግን፣ ብረት እንደሚቀጠቅጠው ቱምቱ ሁሉ፣ ከሌላው ጋር የማይጋባ፣ ከማኅበሩ ዳር የሚቀመጥ ሰው ተደርጎ ኖሯል። በአማርኛም ፋቂ የሚለው ቃል ስድብ እስኪሆን ደርሷል። አምስቱን መስመር እኩል አድርጎ ያወጣ እጅ ግን ከአምስት መቶ ፈረሰኛ መካከል የሚመረጥ እጅ ነው። ሙያው ሲናቅ ባለሙያው ልጁን ሌላ ሥራ ያስተምራል፤ የሰዓቱ ምልክት፣ የጠፍሩ መላላት፣ የቦዩ ቅደም ተከተል አብረውት ይቀበራሉ።

ኅዳር 12 – 14

ጥላ። ሌሊት እርጥብ ጆንያ በጠርዙ ላይ፤ ጠርዙ ከመሃሉ ቀድሞ እንዳይደርቅ። ፀሐይ አይነካውም። እርጥብ ቆዳ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይኮማተራል፣ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ የቀትር ፀሐይ በጥቁር ድንጋይ ላይ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ፀሐዩ ባያቃጥለው እንኳ ፊቱን ብቻ ያደርቀዋል፤ የደረቀው ፊት የውስጡን ውሃ ይቆልፍበታል።

በሦስተኛው ሌሊት ሁለት ካስማዎች ተነቀሉ፤ በስተምዕራብ በኩል አፈሩ ልል ስለነበረ ነው። የዚያ ወገን ጠርዝ አንድ ሳንቲም ገብቷል። በእርጥብ ጨርቅ ለሦስት ሰዓት ተሸፍኖ፣ ካስማዎቹ ከኋላቸው ድንጋይ ተደርጎላቸው እንደገና ተወጠረ። ልዩነቱ ከንፈሩ ሲቆረጥ ይወጣል።

ኅዳር 17

የሲሚንቶው ቅርጽ ከሸፈ። የሁለተኛው ጋሻ ፊት ደርቆ ሲንኳኳ ጥሩ ይመስላል፤ ሽታው ግን አያሳስትም። ጠርዙ ሲነሳ የሥጋው ወገን አሁንም የሚያሟልጭ እርጥብ ነው፣ በሁለት ቦታም አረንጓዴ ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጭቃው ከሥር ውሃውን ይመጥጣል፤ ስለዚህ ቆዳው ከሁለቱም ወገን እኩል ይደርቃል። ለስላሳው ሲሚንቶ ይህን ያህል አይመጥም፤ ውሃው መውጫ ያለው በላይ ብቻ ነው። ከላይ የደረቀው ሽፋን ሲኮማተር ከሥሩ ካለው እርጥብ ሽፋን ተላቆ እንደ ቃጠሎ ውሃ ቋጥሯል።

ጭቃው መፍረሱ እንደ ጉድለት ታስቦ ነበር፤ ዋናው ጥቅሙ ግን መምጠጡ ነው። በየጋሻው ጉብታ ማደስ የግማሽ ቀን ሥራ ስለሆነ ሲሚንቶው ተትቷል። ከሁለተኛው ቆዳ ያልበሰበሰው ዳር ለጠፍርና ለሙከራ ቁራጭ ተቀምጧል።

ኅዳር 21

አንደኛው ጋሻ ከጉብታው ተነሳ። ለማንሳት ጠፍሮቹ በተቃራኒ ጥንድ ይቆረጣሉ፤ አንድ ወገን ብቻ ከለቀቀ ጋሻው ይጠመዘዛል። ሳይከረከም 2.4 ኪሎ መዘነ። እምብርቱ ወጥቷል፤ አራቱ መስመሮች ጥልቅ ናቸው። ከመሃል 18.5 ሳ.ሜ. ላይ ያለው አራተኛው በስተምዕራብ በኩል ሳሳ ብሏል፤ ካስማው የተነቀለው በዚያ ወገን ነው።

ኅዳር 22

ከንፈር። ጠርዙ ወደ ውጭ እንደ ባርኔጣ ይገለበጣል። የሚረጥበው የጠርዙ 5 ሳ.ሜ. ብቻ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ተጠምጥሞበት አራት ሰዓት ይቆያል። ጋሻው ሙሉ በሙሉ ከተነከረ ያለፉት አሥር ቀናት ሥራ ይጠፋል። ከዚያ 50 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው የቀርከሃ ቀለበት ከፊቱ ተደርጎ ጠርዙ በላዩ ይታጠፋል፣ በተሰነጠቁ እንጨቶች ተቆንጥጦ ይታሰራል። በየሁለት ጣት አንድ መቆንጠጫ፣ በጠቅላላው አርባ አካባቢ። ከታች የሚቀሩ ትናንሽ ሽብሽቦች በዚህ ሰዓት በቀንድ ጫፍ እየተዳመጡ ይጠፋሉ።

ከንፈሩ የሌለው ጋሻ ጠርዙ በመጀመሪያው ምት ይሰነጠቃል። የተገለበጠ ጠርዝ ግን ምቱን ዙሪያውን ያከፋፍላል፤ ከፊት ተንሸራትቶ የሚመጣውን ጦርም ያስቀረዋል።

ኅዳር 25

መቆንጠጫው ወለቀ። በስል ቢላዋ ዙሪያው ተከረከመ፤ ከንፈሩ 3 ሳ.ሜ. ነው። ክብደቱ 1.71 ኪሎ።

ኅዳር 26 – ታኅሣሥ 9

ጋሻው በጥላ፣ ከመሬት ከፍ ባለ መረብ ላይ፣ ፊቱ ወደ ታች ሆኖ በአሸዋ ከረጢት ተጭኗል። በየቀኑ ይመዘናል። ታኅሣሥ 1፦ 1.56። ታኅሣሥ 6፦ 1.49። ታኅሣሥ 9፦ 1.49። ሦስት ቀን ሳይለወጥ ሲቆይ ደርቋል ማለት ነው። በእጅ ዳሰሳ ደርቋል የተባለ ቆዳ ውስጡ ገና ሊሆን ይችላል፤ ሚዛን ከሌለ ማንኳኳት ነው፤ እርጥቡ እንደ ዱባ ያስተጋባል፣ ደረቁ እንደ ጣውላ ይጮኻል።

ውፍረቱ በትከሻው በኩል 4፣ በጀርባው በኩል 3 ሚ.ሜ. ነው። እርጥቡን 8 ሚ.ሜ. የነበረ ቆዳ በካስማ ተይዞ ወደ ጎን እንዳይሰበሰብ ስለተከለከለ የተሰበሰበው በውፍረቱ ነው።

ታኅሣሥ 10

መያዣ። ከእምብርቱ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ቀዳዳ፣ በመካከላቸው 14 ሳ.ሜ.። የቀዳዳዎቹ መስመር ከመሃል አንድ ሳንቲም ተኩል ከፍ ይላል፤ የጋሻው ክብደት ከእጅ በታች ሲውል ራሱ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል፣ በፈረስ ላይም አይገለበጥም። ቀዳዳው በጋለ ብረት አልተበሳም። የጋለ ብረት ይፈጥናል፤ ግን በዙሪያው አንድ ጣት የሚያህለውን ቆዳ ያቃጥለዋል፣ መያዣው ሲሳብም የሚሰነጠቀው በዚያ ነው። ቦታው በእርጥብ ጨርቅ ለስልሶ በወፍራም ወስፌ እየተጠመዘዘ ተበሳ።

መያዣው ከሁለተኛው ጋሻ ዳር የወጣ፣ 2.5 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጠፍር ሲሆን በሦስት ተደራርቦ ተጠቅልሏል። እርጥቡን ታስሮ ሲደርቅ ራሱን ያጠብቃል። በመያዣውና በጋሻው ጀርባ መካከል 4 ሳ.ሜ. ክፍተት ተትቷል፤ ከዚያ ካነሰ ምት ሲያርፍ የጣት አንጓ ቆዳው ላይ ይላጣል። ከጎኑ ደግሞ ትከሻ ላይ የሚነገት ረጅም ማንገቻ አለ።

ታኅሣሥ 14

ሙከራ በቁራጭ ላይ። በጭድ ከረጢት ላይ የታሰረ፣ መስመር የሌለው 3 ሚ.ሜ. ቁራጭ በጦር ቀጥ ብሎ ሲወጋ ተበሳ፤ ግን ቆዳው የጦሩን ምላስ ጨምድዶ ስለያዘው ከአምስት ሳንቲም በላይ አልገባም። በጎን ሲወጋ ተንሸራተተ። መስመር በወጣበት ቁራጭ ላይ በጎን የተወጋው ጦር በመስመሩ ተይዞ ቆመ። ለጦር የተሠራ ነገር እንዲህ ለጦር ይሠራል። ለጠመንጃ አይሠራም፤ እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1886 አርሲዎች የምኒልክን ጦር የተቋቋሙት በፈረስ፣ በጦርና በዚህ ጋሻ ነበር፤ ከፊታቸው የቆመው ግን ጠመንጃ ነበር።

ታኅሣሥ 16

ቅባት። 60 ግራም የቀለጠ የበሬ ሞራና 20 ግራም ሰም፣ ለብ እንዳለ በጨርቅ፤ ፊቱ ላይ ሁለት ጊዜ፣ ጀርባው ላይ አንድ ጊዜ። ቅባት የሚቀባው ቆዳው ከደረቀ በኋላ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ከተቀባ ውሃውን ቆልፎ ያበሰብሰዋል። ከበዛም ጋሻው ይለሰልሳል። ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥቀርሻ ከቀረው ቅባት ጋር ተለውሶ በመስመሮቹ መካከል ታሽቷል፤ የመስመሮቹ ጀርባ በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል ቀይ ቡና መልክ ይዞ ይወጣል።

ጥር 5

ጋሻው ከምድጃ በላይ፣ ከእሳቱ ሁለት ሜትር ርቆ ተሰቅሏል። ጭስ ቆዳውን ከላይ በኩል እንደማልፋት ያደርገዋል፤ እርጥበትም ጢንዚዛም ይከላከላል። የቆዳ ጢንዚዛ እጭ ጋሻን ከጀርባው በኩል እየቦረቦረ ነው የሚበላው፤ በየወሩ ጀርባውን መፈተሽ፣ ዱቄት የሚመስል ነገር ከታየ ማራገፍና ወደ ጭሱ መመለስ። አይጥና ውሻም ጥሬ ቆዳ ነውና ይበሉታል፤ ግድግዳ ላይ ዝቅ አድርጎ መስቀል አይገባም።

መጋቢት 11

የበልግ ዝናብ ከጀመረ ሳምንት ሆኖታል። ክብደቱ ከመያዣና ከቅባቱ ጋር በጥር 1.63 ነበር፤ ዛሬ 1.68 ነው። ሃምሳ ግራም እርጥበት ከአየር ወስዷል። ከንፈሩ በእጅ ሲጫኑት ትንሽ ይሰጣል፤ መስመሮቹ ያሉበት ክፍል አይሰጥም። ስፋቱ 52.2 ሳ.ሜ.። የሳሳው አራተኛ መስመር በምዕራብ በኩል ሌላ ሁለት ሚሊ ሜትር ተመልሷል። ለሚቀጥለው ጋሻ የካስማው ጉድጓድ በጠጠር ይጠቀጠቃል፤ ጉብታውም ዛሬ በአዲስ ጭቃ ተለስኗል።